ሽኮኮው ያው አይደለም

ሰኞ ጠዋት ሚልካ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ወርዳ ሱቁ ስትደርስ ሕዝቅያስ ወንበር ላይ ቆሞ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ከመስታወቱ ባንኮኒ በላይ፣ የስልክ ሽፋኖች ከተንጠለጠሉበት ሽቦ ጎን፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ሽኮኮው ተመልሷል! ያው የድሮው፣ አሁን በኪስዎ!» ይላል። ከሥሩ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ተደግሟል።

«እንዴት ነው?» አላት ሳይዞር።

«ፊደሉ ያምራል።»

«ነገሩስ?»

«ነገሩን ከተጫወትኩት በኋላ እነግርሃለሁ።»

ሕዝቅያስ ቴፑን በጥርሱ እየቆረጠ ሳቀ። «ነጋዴ ጨው ሁሉ እየላሰ ይሸጣል እንዴ?»

«የድሮዎቹ ይልሱ ነበር» አለችና ቦርሳዋን ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠች።

ሱቁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ፎቶ ቤት መሀል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለቱ የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሲሆን፣ ሱቁን አብረው እንዲከፍቱ የመከሯቸውም የምእመናኑ ታላላቆች ነበሩ። ሕዝቅያስ ዕቃውን ከዱባይ ያስመጣል፤ ኢምባካሲ ካለው የጭነት መጋዘንም ተሯሩጦ ያወጣል። ሚልካ ትሸጣለች፣ የተበላሸውንም ትጠግናለች። የሰፈሩ ሰው፣ ኬንያዊውም ሶማሌውም፣ «ፉንዲ» ነው የሚላት፤ ሬዲዮም ስልክም ጌምም የተበላሸበት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል።

ሽኮኮውን በእነሱ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ደርግ በወደቀ ሰሞን በየሰፈሩ በተከፈቱት ጌም ቤቶች ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ይጫወቱት የነበረ የዝላይ ጌም ነው። ካሴቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጃፓንኛ ስለነበር ስሙን ያነበበ ሰው የለም። ገደል ለገደል የሚዘለው ቡናማ እንስሳ ግን ሽኮኮ ስለሚመስል ሽኮኮ ተባለ፤ በዚያው ቀረ። አሁን ከስንት ዓመት በኋላ ሠሪዎቹ አድሰው በእጅ በሚያዝ ትንሽ ማጫወቻ ውስጥ ጭነው አውጥተውታል። ሕዝቅያስ ዱባይ ውስጥ ገና ሥዕሉን እንዳየ ሙሉ ካርቶን አዘዘ። ናይሮቢ ውስጥ ያለውን የእኩዮቹን ልብ ያውቀዋልና አልተሳሳተም። ወረቀቱ በተለጠፈ ዕለት ሰዎች እሽጉን በሁለት እጃቸው ይዘው እየሳቁ ወጡ።

ከገዙት አንዱ ታዲዮስ ነበር። ኢምባካሲ መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚያነሣ፣ ሠላሳን የተሻገረ፣ ሲናገር ትከሻው የሚናገር ሰው ነው። በዚያው ሳምንት ተመልሶ መጣና ሕዝቅያስ አለመኖሩን ካየ በኋላ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ሚልኪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂ።»

«እንደሚያስቀው ነዋ።»

«ሦስተኛው ድልድይ ላይ ሞትኩ።»

«እና?»

«እና ትያለሽ? እኔ እኮ ነኝ! ሰፈራችን ውስጥ ሦስተኛው ድልድይ ላይ የደረሰ ልጅ ሁሉ ‘ታዲ አሻግረኝ’ እያለ ጆይስቲኩን ለእኔ ነበር የሚሰጠው። ትናንት ማታቱ ውስጥ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ወደቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አዝናልኝ ‘ፖሌ’ አለችኝ፤ ሰው የሞተብኝ መስሏት።»

ሚልካ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቀኝ እጁን መስታወቱ ላይ ዘረጋ። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ባለፈው ዓመት ሣጥን የወደቀበት ቦታ ላይ ጠባሳው ያብረቀርቃል።

«ሐኪሙ ድኗል ብሎኝ ነበር» አለ። «አልዳነም ማለት ነው። ጣቴ አይታዘዘኝም።»

«ዕቃውን ልየው?»

«ዕቃው ምን አደረገ? ዕቃው ያው ነው፤ ተጽፏል አይደል?» በአገጩ ወደ ወረቀቱ አመለከተ። «የተለወጥኩት እኔ ነኝ።»

እጁን ኪሱ ከቶ ሄደ። ሚልካ ጌሙን ራሷ ገና አልነካችውም ነበር።

ከሄደ በኋላ አንዱን እሽግ ቀደደችው። ጥግ ካለው ካርቶን ውስጥ ደግሞ የድሮውን ካሴት አወጣች፤ ከተጠገኑ ማጫወቻዎች ጋር የተረፈ፣ ጃፓንኛው የደበዘዘ ካሴት ነው። የዕቃ መሞከሪያ የሆነችውን ትንሿን ቴሌቪዥን ከፈተችና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ እየተፈራረቀች ተጫወተች።

ለመፍረድ አልቸኮለችም። አዲሱ የሚያምር ነገር ነበረው። ድሮ ሰማያዊ መስመር ብቻ የነበረው ወንዝ አሁን ይፈሳል፤ ሽኮኮው ሲቆም መዳፉን ይልሳል፤ ድሮ ያልነበረ ዋሻም ተጨምሯል። ሙዚቃው እንደ ትንኝ ቀጥኗል፤ ቢሆንም ዜማው አልጠፋም። ድሮ የሞተ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር፤ አሁን እዚያው የወደቀበት ቦታ ይነሣል። ይህን የሚወድ ይወደዋል።

ሦስተኛው ድልድይ ላይ ስትደርስ ግን ወደቀች። እንደገና ሞከረችና እንደገና ወደቀች። ቴሌቪዥኑ ላይ አለፈች። ከዚያ ሁለቱንም ድልድዩ ጫፍ ላይ አቁማ አየቻቸው። የአዲሱ ማጫወቻ ትንሽ መስኮት ሽኮኮውን አላሳነሰውም፤ እሱ እንዳለ ሆኖ ዙሪያውን ነው የቆረጡት። ቴሌቪዥኑ ላይ ከድልድዩ በታች፣ ከገደሉ መሀል፣ የሚታረፍበት ድንጋይ ይታያል። በእጅ የሚያዘው ላይ ድንጋዩ ከመስኮቱ በታች ቀርቷል። ዘላዩ የት እንደሚያርፍ ሳያይ ነው የሚዘለው። የታዲዮስ ጣት ታዞለታል፤ ያላየውን ድንጋይ ነው የሳተው።

ስልኩ ላይ ደወለችለት፤ ዝግ ነበር። መጋዘን ውስጥ ሲሆኑ ያስዘጓቸዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽኮኮውን ለሚጠይቃት ሁሉ የተከፈተውን አውጥታ «መጀመሪያ ይሞክሩት፤ የድሮው አይደለም» ትላለች። አንዳንዱ ሞክሮ ይገዛል። አንዳንዱ ፊቱን አጨማዶ ያስቀምጠዋል። አንዲት ሴት ለወንድሟ ልትገዛ መጥታ «እንግዲያ ሽቶ ይሻለዋል» ብላ ወደ ፎቶ ቤቱ ተሻገረች፤ ፎቶ ቤቱ ሽቶም ይሸጣል።

ሕዝቅያስ ነገሩ የገባው የካርቶኑ ከፍታ አልቀንስ ሲለው ነው።

«እሽግ ትቀጃለሽ አሉ።»

«አንዱን።»

«የድሮው አይደለም ትያለሽ አሉ።»

«አይደለማ። ና ላሳይህ።»

«አላይም! ዌስትላንድስ ያሉት ሱቆች ዝም ብለው ይሸጡታል። አንቺ የጌም ሐዋርያ ነሽ?»

«እነሱ ‘ያው የድሮው’ ብለው አልጻፉም። ‘አዲስ ሽኮኮ’ ብለህ ጻፍ፤ እስኪያልቅ እሸጥልሃለሁ። ጥሩ ነገር አለው። ለማያውቀው ሰው እኔው ነኝ ግዛ የምለው።»

ሕዝቅያስ ባንኮኒውን ዞሮ ወደ እሷ መጣ። ድምፁ ለሰለሰ፤ ነገር ሲጠናበት ነው የሚለሰልሰው። «ሚልኪ፣ ስሚኝ። ሰው የሚገዛው ዝላዩን አይደለም። ያንን ወንበር፣ ያንን ጫጫታ፣ ያንን ዕድሜውን ነው የሚገዛው። አንድ ሰው እሽጉን ይዞ ፈገግ ብሎ ሲወጣ አይተሻል? ያ ፈገግታ ሐሰት ነው? አንቺ ምን አግብቶሽ ከፊቱ ላይ ትነጥቂዋለሽ?»

ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ እሷም ቀላል ነው አላለችም።

«ፈገግ ብሎ የወጣው ታዲዮስ» አለች፣ «ተመልሶ መጥቶ ጣቴ አይታዘዘኝም አለኝ። ያንተን ወረቀት አምኖ። ወረቀቱ ይውረድ።»

«አይወርድም።»

«እንግዲያው እኔም አፌን አልዘጋም።»

ሕዝቅያስ ሽማግሌ ጠራ።

የተገናኙት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ እዚያው ሳውዝ ሲ በጋሽ ሀብተወልድ ምግብ ቤት ጓዳ በኩል ባለው ክፍል ነው። ጋሽ ሀብተወልድ ቁመተ ረጅም፣ ሳቃቸው ከግድግዳ ወዲያ የሚሰማ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ሽማግሌ እትዬ አስካለ ናቸው፤ የሴቶቹን ጸሎት የሚመሩ፣ ሚልካ ናይሮቢ የገባች ሰሞን ቤታቸው ያሳደሯት ሴት። ሻይ ቀረበ። እትዬ አስካለ ጸለዩ። ከዚያ ጋሽ ሀብተወልድ መዳፋቸውን አፋተጉ።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ እርቅ ደም ያድርቅ ነው። ማን አጠፋ፣ ማን አላጠፋ አንልም። ነገሩን አናነሣውም። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብላችሁ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ይነሣ እንጂ ጋሽዬ» አለች ሚልካ። «ሳይነሣ በምን ታረቅን እንላለን?»

«የልጅ መጫወቻ እኮ ነው አሉኝ!»

«መጫወቻው ይኸው።» ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ በሻዮቹ መሀል አስቀመጠችው።

እትዬ አስካለ እንደ ጊንጥ አዩት። «እኔ እንኳን ይኼን፣ ስልኩንም ከሚስኮል በላይ አላውቅም።»

ጋሽ ሀብተወልድ ግን አነሡት። ሚልካ የትኛውን እንደሚጫኑ አሳየቻቸው። ሽኮኮው ሮጠ፣ ዘለለ፣ ወንዝ ውስጥ ገባ። «ኧረ ሰመጠ!» አሉ። ተነሣ። «ኧረ አለ!» መነጽራቸውን አስተካከሉ። ትከሻቸው ከሽኮኮው ጋር አብሮ ይዘል ጀመር። እትዬ አስካለ ሻዩን ከፊታቸው አራቁ።

«ጥሩ ነው እኮ!» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «ምን ጎደለው?»

ሕዝቅያስ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «እኔስ ምን አልኩ?»

«ለእርስዎ ምንም አልጎደለውም፤ የድሮውን አያውቁትማ» አለች ሚልካ። «ለእርስዎ በደስታ እሸጥልዎታለሁ። ‘ያው የድሮው ነው’ ብዬ ግን ለሚያውቀው ሰው አልሸጥም።»

እትዬ አስካለ ወደ እሷ ዞሩ። «ያ ታዲዮስ የተባለው ሰው ዕቃዬን መልሱልኝ አለ?»

«አላለም።»

«ገንዘቤን አለ?»

«አላለም እትዬ።»

«ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ የኔ ልጅ?»

«እጁን ጠረጠረዋ!» አለች። ድምፅዋ ከፍ አለ፤ አልመለሰችውም። «በዚያ እጅ ነው ጭነት የሚያነሣው። ጌሙ ተቆርጦ ሳለ የተቆረጠው እኔ ነኝ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔም ከወረቀቱ ሥር ቆሜ ዝም ብዬ ሸኘሁት። ሁለተኛ ከዚያ ወረቀት ሥር ቆሜ ሰው አልሸኝም።»

ጋሽ ሀብተወልድ እንደማፈር ብለው ማጫወቻውን አስቀመጡት።

«ይሁን፤ ሰማን። በዚህ ይብቃ። ተነሡ» አሉ። «ተነሡና ተሳሳሙ።»

ሕዝቅያስ ተነሣ። እጆቹን ዘረጋ።

ሚልካ አልተነሣችም።

«ሚልካ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ወረቀቱ ይውረድ፤ እነሣለሁ። በእሱ ላይ ቂም የለኝም። አሁንም ወንድሜ ነው። ወረቀቱ ይውረድ።»

«ሽማግሌ እምቢ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ብትታመሚ ማን በርሽን ያንኳኳል? ብታገቢ ማን ይቆምልሻል? እኛ አይደለንም?»

ሚልካ ትልቋን ሴት አየቻቸው። መጀመሪያ ናይሮቢ ስትገባ የተኛችበትን የእሳቸውን ፍራሽ አስታወሰች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። ግን ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ እንደተቀመጠች ቀረች።

«እናንተ ናችሁ እትዬ። ሌላ የለኝም። ቢሆንም አልነሣም።»

ሕዝቅያስ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር፤ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ጋሽ ሀብተወልድ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሳይሰናበቷት ተከተሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚጠበቀው ነው። እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ዋለ። እህቶች በሱቁ ፊት ሲያልፉ ወደ ልብስ ሰፊው ያያሉ። ሕዝቅያስ ሱቁን እንካፈል አላለም፤ የኪራይ ውሉ በሁለቱም ስም ነውና ሊያስወጣትም አልቻለ። እሱ በበሩ በኩል፣ እሷ በጥጉ በኩል፣ በአንድ ባንኮኒ ሁለት ሱቅ ሆኑ። በእሱ በኩል ቀዩ ወረቀት እንዳለ ነው። በእሷ በኩል ትንሿ ቴሌቪዥን፣ የተከፈተው ማጫወቻ፣ አንድ በርጩማ፤ ከበላያቸውም በራሷ እጅ «ይህ የድሮው አይደለም። ቁጭ ብለው ሁለቱንም ይሞክሩ፤ ከወደዱት ይግዙ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

«ሰው ያብዳል» አላት ሕዝቅያስ። «አንድ ሱቅ፣ ሁለት አፍ።»

«አንዱን ዝጋው።»

ልብስ ሰፊው ካማው ማሽኑን እያቆመ ሊያያቸው ይመጣ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሀብተወልድ ብቅ አሉ። መጀመሪያ መተላለፊያውን ግራ ቀኝ አዩ። ለካ ከሕዝቅያስ በኩል አንድ እሽግ አስገዝተው ኖሯል። በርጩማው ላይ ሳይቀመጡ፣ ማጫወቻውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አጎነበሱ።

«ሰላም አልልሽም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሽማግሌ እምቢ ብለሻል። ሰላም ሳልልሽ ልጠይቅሽ፤ ይኼን ሦስተኛውን ድልድይ እንዴት ነው የሚሻገሩት?»

«ሰላም ሳልልዎት ልንገርዎት። ድንጋይ አለ፤ አይታይም። ገምተው ነው የሚዘሉት። ድሮ ይታይ ነበር።» ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተች።

ጋሽ ሀብተወልድ ድንጋዩን ቴሌቪዥኑ ላይ አዩት። በእጃቸው የያዙትን አዩ። «እህ» አሉ። ሲወጡ በሕዝቅያስ ፊት ቆም አሉ። «ቢሆንም ሽማግሌ እምቢ ማለት ነውር ነው» አሉት፣ እምቢ ያለው እሱ ይመስል፤ ሄዱም።

ታዲዮስ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ደጋግማ ብትደውልለትም ዛሬ ነገ እያለ ቆይቶ ነበር። ጠዋት ሱቁ ገና ሲከፈት፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ጎራ አለ። ሕዝቅያስ በበሩ በኩል ሽፋኖቹን ይሰቅላል።

«ቁጭ በል» አለችው ሚልካ።

«አረፍዳለሁ እኮ።»

«ቁጭ በል ታዲ።»

ጆይስቲኩን ሰጠችው። ታዲዮስ የድሮውን ካሴት ሲያይ የልጅ ሳቅ ሳቀ፤ ከዚያ ቀኝ እጁን አየና ሳቁ ጠፋ። መጀመሪያ ላይ እየፈራ ነበር የሚጫነው። አንደኛውን ድልድይ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ። ሽኮኮው ዘለለ፤ ገደሉ መሀል ድንጋዩ ላይ አረፈ፤ ከድንጋዩ ተነሥቶ ማዶ ተሻገረ።

ሚልካ በእጅ የሚያዘውን፣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ያቆመችውን፣ አቀበለችው። ዘለለ፤ ወደቀ። ዘለለ፤ ወደቀ። ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ትንሹን መስኮት አየ።

«ድንጋዩ የታለ?» አለ።

«ቆርጠውታል።»

ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጠባሳውን ወደ ብርሃኑ አዞረ። አውራ ጣቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ።

«እኔ እኮ ትናንት ለአለቃዬ ቀላል ሥራ ስጠኝ ልለው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አልከው?»

«አፍሬ ተውኩት።»

«እንኳን አፈርክ።»

ተነሣ፤ ጃኬቱን ጎተተ። የራሱን ማጫወቻ ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። «አልመልሰውም፤ እንዳትጠብቂኝ» አላት። «ኢምባካሲ እስክደርስ መንገዱ ሲዘጋጋ ጥሩ ጓደኛ ነው። ዋሻውንም ወድጄዋለሁ። ግን ያ አይደለም።»

«አየሽ!» ሕዝቅያስ ከበሩ በኩል ጮኸ። «ወደደው! ሰምተሻል? ወደደው!»

«ሰምቻለሁ። ምን እንደያዘ አውቆ ወደደው» አለች ሚልካ። «እኔ ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።»

ታዲዮስ ከአንዱ ወደ ሌላዋ አየ፤ ከዚያ በሕዝቅያስ ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ ቀዩን ወረቀት፣ በሦስቱም ቋንቋ፣ ረጋ ብሎ አነበበው። ያንን እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠና ወደ ማታቱው ሮጠ።

መተላለፊያው ውስጥ ነፋስ ገባ። የወረቀቱ የቀኝ ማዕዘን ተላቆ ይርገበገብ ጀመር። ሕዝቅያስ በአውራ ጣቱ ተጭኖ መለሰው። ሲለቀው እንደገና ተነሣ። እንደገና ተጫነው፤ አሁን ግን ረዘም አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

ሚልካ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ቴፑ መሳቢያው ውስጥ አለልህ» አለችው።

ሕዝቅያስ ወረቀቱን ለቆ መሳቢያውን አየ። አልከፈተውም።